ቁስል ሳይኖር ደም ማስታወክ፦ የትኛው ሥር ነው፣ የትኛው ሕክምና ይሻላል?

ደም ያስታወከ ሰው ይዘው ድንገተኛ ክፍል የሚደርሱ ቤተሰቦች አብዛኛውን ጊዜ «ጨጓራው ነው» ይላሉ። ብዙ ጊዜም ትክክል ናቸው፤ ከላይኛው የምግብ መንገድ ለሚፈስ ደም ዋናው መነሻ የጨጓራና የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ቁስል ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ግን ካሜራው (ኢንዶስኮፒው) ገብቶ ሐኪሙ «ቁስል የለም፤ ችግሩ የደም ሥር ነው» ላላቸው ሰዎች ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰሙት የሕክምና ስም ብዙ ነው፤ በላስቲክ ማሰር፣ በክሊፕ መቆንጠጥ፣ በሙጫ መድፈን፣ በአርጎን ጋዝ ማቃጠል፣ ሥሩን ከውስጥ መዝጋት፣ ጣፊያ ማውጣት። ለአንዱ ሥር መድኃኒት የሆነው ለሌላው ምንም አይፈይድም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ይጎዳል። ስለዚህ «የትኛው ሆስፒታል እንውሰደው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «የደማው የትኛው ሥር ነው?» የሚለው መልስ ማግኘት አለበት። ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ይህ ቅደም ተከተል በጣም ያስፈልገዋል፤ የተሳሳተው ምርጫ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለበትና።

ከሁሉ በፊት፦ መጀመሪያ መንገድ ወይስ መጀመሪያ ደም?

ሕመምተኛው ኮምቦልቻ ከሆነ፣ ቅርብ ባለው ሆስፒታል ሁለት ሰፋፊ መርፌዎች በደም ሥሩ ይግቡለት፣ የደም ግፊቱ ይለካ፣ የደም ዓይነቱ ይታወቅ። ከዚያ ነው ወደ ደሴ መውጣት። በሐረጎ በኩል ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አጭር ይመስላል። ነገር ግን ከ1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ መድረስ ነው፤ ደሙ ያለቀ ሰው ዳገቱን ሲወጣ ትንፋሹ ቶሎ ያጥረዋል። በግል መኪና የኋላ ወንበር ላይ ከመጫን ኦክስጅን ያለው አምቡላንስ መጠበቅ ይሻላል።

ደም በብዛት ይሰጠው ወይስ በልክ? ቤተሰብ «ጨምሩለት» ማለቱ አይገርምም፤ ዓይኑ እያየ ያጣውን ደም መመለስ ይፈልጋል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የስፔን ጥናት ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) በዴሲሊትር ከ7 ግራም ሲወርድ ብቻ ደም የተሰጣቸው ሕመምተኞች በብዛት ከተሰጣቸው ይልቅ በሕይወት የመትረፍ ዕድላቸው የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። በተለይ ደሙ የመጣው ግፊት ካሳበጠው ደም መልስ ሥር ከሆነ፣ ከልክ በላይ ደም መስጠት ግፊቱን ጨምሮ የቆመውን መልሶ ያስፈሳል። ይህ ልክ ደሙ ገና እየፈሰሰ ግፊቱ ለወደቀና የልብ ሕመም ላለበት ሰው አይሠራም፤ ለእነሱ ሐኪሙ ቀድሞ ይሰጣል። ደም በገንዘብ አይገዛም፤ ስለዚህ ከዘመዶቹ መካከል ሁለት ሦስቱ ወደ ደም ባንክ ቢሄዱ አልጋው ዙሪያ ከመሰብሰብ የበለጠ ይረዱታል።

«ደም የሚያረጋ መርፌ» የሚሉት ትራኔክሳሚክ አሲድም ብዙ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከ12,000 በላይ ሕመምተኞች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ለሆድ ውስጥ መድማት ሞትን እንደማይቀንስ፣ ይልቁንም በደም መልስ ሥር ውስጥ የሚረጋ ደም እንደሚያበዛ አሳይቷል። ለወሊድ መድማት የሚጠቅም መድኃኒት ነው፤ እዚህ ግን ይቅር። ለወገብና ለጉልበት ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ካለ ወዲያውኑ ይቁም፤ መወሰዱም ለሐኪሙ ሳይደበቅ ይነገር።

ሌላው መረሳት የሌለበት አልቅት ነው። ከምንጭ ወይም ከወራጅ ውሃ በቀጥታ የጠጣ ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ ደም ሲተፋ ወይም ሲያስታውክ፣ ጉሮሮው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ከተሰማው ወይም አፍንጫው ከደማ፣ አፉና ጉሮሮው መጀመሪያ በጥሩ ብርሃን ይታይ። አፍንጫና ጉሮሮ ላይ የተጣበቀ አልቅት የሚያፈሰው ደም ተውጦ ወደ ሆድ ስለሚገባ ሲወጣ የጨጓራ ደም ይመስላል። በመቆንጠጫ የሚወጣ ነገር ለሳምንታት በጨጓራ መድኃኒት ሲታከም ማየት ያሳዝናል።

ያበጠ ደም መልስ ሥር፦ ጉበት፣ ቢልሃርዚያ ወይስ ጣፊያ?

በእኛ አካባቢ ትልቁን ትኩረት የምሰጠው ለዚህ ነው። ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመለሰው ደም ወደ ልብ ከመሄዱ በፊት በጉበት በኩል ያልፋል። መንገዱ ሲዘጋ፣ የተደፈነ ቦይ ውሃ በዳር በዳሩ እንደሚያልፍ ሁሉ፣ ደሙ በምግብ ቱቦና በጨጓራ ዙሪያ ባሉ ቀጫጭን ሥሮች ያልፋል፤ እነሱም ያብጣሉ፣ አንድ ቀን ይፈነዳሉ። ካሜራው የሚያየው እብጠቱን ነው፤ መዝጊያው ያለበትን ቦታ ግን አይነግረንም። ምርጫውን የሚወስነው ደግሞ መዝጊያው የት እንዳለ ማወቅ ነው።

መዝጊያው በሄፓታይተስ ቢ፣ በአልኮል ወይም በሌላ ምክንያት ጠባሳ የያዘ ጉበት ውስጥ ከሆነ፣ የሚያሰጋው ደሙ ብቻ አይደለም። ጉበቱ ራሱ ደክሟል፤ ኢንፌክሽን ይከተላል፣ አእምሮ ይደነዝዛል፣ ሆድ በውሃ ይሞላል። ስለዚህ ከኢንዶስኮፒው ጎን እንደ ሴፍትሪያክሶን ያለ አንቲባዮቲክ ከመጀመሪያው ሰዓት ይጀመራል፤ ቢበዛ ለሰባት ቀን ይሰጣል። ግፊቱን የሚቀንስ ኦክትሪዮታይድ ከተገኘም ካሜራው እስኪገባ ሳይጠበቅ ይሰጣል። ካሜራው በ12 ሰዓት ውስጥ ቢገባ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው መነሻ ቢልሃርዚያ ነው። በሐይቅ ዙሪያ፣ በቦርከና ተፋሰስ፣ ወደ ከሚሴ በሚወርደው ቆላ አካባቢ ያደገ፣ በልጅነቱ ወንዝና መስኖ ውስጥ የዋለ ሰው፣ ዕድሜው ገና ሠላሳ ሳይሞላ ጣፊያው ትልቅ ሆኖ ደም ቢያስታውክ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው። የትሉ ዕንቁላል ወደ ጉበት የሚገቡት ሥሮች ዙሪያ ጠባሳ ይፈጥራል፤ የጉበቱ ሥራ ግን በአብዛኛው ደህና ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ደሙ ሲቆም የቢልሃርዚያው ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ወደ እርሻው ይመለሳል፤ ጉበቱ የደከመው ግን ከዚያ በኋላም ረጅም ትግል ይጠብቀዋል። አልትራሳውንድ የሥሮቹን ዙሪያ ጠባሳ ያሳያል። የሰገራ ምርመራው ባዶ ቢሆን አይታለሉ፤ በሽታው ባረጀበት ደረጃ ዕንቁላል አለመገኘቱ የተለመደ ነው። በኪሎ 40 ሚሊግራም የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል፤ ግን ያበጠውን ሥር አያጎድልም። «የቢልሃርዚያ ክኒን ውጬ ድኛለሁ» ብሎ ክትትል ያቋረጠ ወጣት ሁለተኛ ደም አስታውኮ ሲመጣ ያመኛል።

ሦስተኛው ብርቅ ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ የሚድን ስለሆነ ሊዘለል አይገባም። ቆሽቱ በተደጋጋሚ የተቆጣ ወይም ዕጢ ያለበት ሰው የጣፊያው ደም መልስ ሥር ብቻ ሊዘጋ ይችላል። ጉበቱ ደህና ነው፣ በምግብ ቱቦው ላይ ምንም የለም፣ የጨጓራው የላይኛው ጉልላት ላይ ብቻ ያበጡ ሥሮች ይታያሉ። «በጨጓራ ብቻ፣ ጉበት ደህና» የሚል ሪፖርት ያየ ቤተሰብ ስለ ጣፊያው ሥር በግልጽ ይጠይቅ፤ ዶፕለር (የደም ፍሰትን የሚያሳይ) አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን ያሳያል።

አሁን ምርጫዎቹን እናወዳድር። በምግብ ቱቦ ላይ ላበጠ ሥር ላስቲክ ማሰር ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ላስቲክ ከሌለ ሥሩን የሚያደርቅ መርፌ ይወጋል፤ ይሠራል፣ ግን ቁስልና መጥበብ የመተው ዕድሉ ከፍ ይላል። በጨጓራ ጉልላት ላይ ላለው ግን ላስቲክ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ ሥሩ ትልቅ ስለሆነ ላስቲኩ ሲወድቅ ከባድ ደም ይከተላል። እዚያ የሚመረጠው ሙጫ ነው። ሁለቱም ዕቃ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ስለዚህ «ኢንዶስኮፒ አላችሁ?» ብቻ ሳይሆን «ዛሬ ላስቲክ አላችሁ? ሙጫስ?» ብላችሁ በስልክ ጠይቁ።

ፕሮፕራኖሎል ወይም ካርቬዲሎል ክኒን ዳግም መድማትን ይቀንሳል፤ ደሙ እየፈሰሰ ሳለ አይሰጥም፣ አስም ላለበትም ሆነ የላይኛው ግፊቱ ከ90 በታች ለሆነ ሰው አይሆንም። ርካሽ ነው፣ ደሴም ኮምቦልቻም መድኃኒት ቤት ይገኛል፤ ከላስቲክ ጋር አብሮ ሲወሰድ ደግሞ ከሁለቱ ብቻቸውን ይበልጣል። ክኒን ወይስ ላስቲክ ብሎ ማማረጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳይደማ ለሚጠነቀቅ ሰው ነው። አንዴ ለደማ ሰው ሁለቱም ናቸው።

ጣፊያ ማውጣትስ? የጣፊያው ሥር ብቻ ለተዘጋበት ሰው ቀዶ ሕክምናው ፈውስ ነው። ለቢልሃርዚያ፣ ላስቲክና ክኒን እየተደረገ ደሙ ለሚመላለስበትና ጉበቱ ብርቱ ለሆነ ሰው ያበጡትን ሥሮች ከመለየትና ከመቁረጥ ጋር ይታሰባል። ጉበቱ ለደከመ ሰው ግን አልመክርም። ጣፊያ ከወጣ በኋላ ሰውነት ለአንዳንድ ባክቴሪያና ለወባ ይጋለጣል፤ ኑሮው ቆላ ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሳምባ ምችና የማጅራት ገትር ክትባቶች ቢቻል ከቀዶው ሁለት ሳምንት ቀድመው ይሰጡ፤ በኋላም ትኩሳት በመጣ ቁጥር በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ግዴታ ነው።

ቀስ ብሎ የሚያንጠባጥበው፦ አርጎን፣ ላስቲክ ወይስ የግፊት ክኒን?

አንዳንዱ ደም አያስታውክም። እናታችሁ ለወራት እየገረጡ፣ እየደከሙ ይሄዳሉ፤ ሄሞግሎቢን 5 ይሆናል፣ ደም ይሰጣቸዋል፣ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና። ካሜራው በጨጓራ መውጫ በኩል ቀይ መስመሮች ካየ፣ ባለሙያዎቹ «የሐብሐብ ጨጓራ» ይሉታል፤ መልኩ የሐብሐብ ልጣጭ ስለሚመስል ነው። በዕድሜ የገፉ ሴቶች፣ የጉበት ጠባሳ፣ የኩላሊት ድካም ወይም ቆዳ የሚያጠነክር በሽታ ያለባቸው ላይ ይበዛል።

ይህን ከሌላ መንትያ ከሚመስል ነገር መለየት ያስፈልጋል። በጉበት ግፊት የተነሣ የጨጓራው የላይኛውና የመካከለኛው ግድግዳ የእባብ ቆዳ መስሎ ሊደማ ይችላል። ለዚህኛው ፕሮፕራኖሎል ይጠቅማል። ለሐብሐቡ ግን ግፊት መቀነስ ምንም አይረዳም፤ ሥሮቹን ራሳቸውን ማጥፋት ነው። ሁለቱ «የጉበት ጨጓራ» በሚል አንድ ስም ተጠርተው የተሳሳተ ክኒን ለዓመት የሚወሰድበት ጊዜ አለ። ሪፖርቱ ላይ ቦታው የት እንደሆነ ይጻፍ፤ ታችኛው መውጫ ወይስ የላይኛው።

ለሐብሐቡ አርጎን ማቃጠል የተለመደው ሕክምና ነው፤ በየጥቂት ሳምንቱ ተመላልሶ ይደረጋል። በላስቲክ ማሰር ደግሞ በጥናቶች ባነሰ ምልልስ ደም መቀበልን ይበልጥ ቀንሷል። ከወግዲ ወይም ከሳይንት ተጉዞ ለሚመጣ ሰው እያንዳንዱ ምልልስ የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪ ስለሆነ፣ ሁለቱም ካሉ እኔ ላስቲኩን አስቀድማለሁ። አንዱ ብቻ ካለ ያለው ይደረግ፤ ሌላውን ሲጠብቁ ደም እየተቀበሉ መኖር ትርፍ የለውም።

የብረት ክኒን ከየትኛውም ጋር ይሄዳል። ሰገራን ስለሚያጠቁር ያስደነግጣል፤ የብረቱ ጥቁረት አይጣበቅም፣ እንደ ደሙ አይከረፋም። ከቡና ጋር ከተወሰደ ሰውነት የሚያገኘው ብረት በጣም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከአቦሉ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቅ።

ከዚሁ ወገን የሆኑ ቀይ ነጠብጣብ የሚመስሉ ትናንሽ የሥር እብጠቶችም አሉ፤ የኩላሊት ሕመምተኞችና የልባቸው የአኦርታ በር የጠበበ አረጋውያን ላይ ይበዛሉ። አርጎን ያቆማቸዋል፣ ብዙ ጊዜ ግን ይመለሳሉ። የልብ በሩ ሲታከም የሚቀንሱበት ጊዜ ስላለ፣ ልባቸው ላይ ድምፅ የተሰማባቸው ሰዎች የልብ አልትራሳውንድ ይደረግላቸው። ሰው ሠራሽ የልብ በር ያለው ሰው ደም እንዳይረጋ የሚወስደውን ዋርፋሪን በራሱ ፈቃድ እንዳያቆም፤ ሲደማ ማቆም ሊያስፈልግ ይችላል፣ ውሳኔው ግን የልቡና የሆዱ ሐኪሞች ተነጋግረው የሚወስኑት ነው።

የተሳሳተ ቦታ ላይ ያለ ደም ቅዳ ሥር

ከሁሉም የሚያስደነግጠው ይህ ነው። ጨጓራው ደህና የነበረ ሰው በድንገት ብዙ ቀይ ደም ያስታውካል፣ ግፊቱ ይወድቃል፣ ከዚያ ይቆማል። ካሜራው ይገባል፤ ምንም የለም። በማግስቱ ይደገማል። የዲዬላፎይ ሥር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1898 በደንብ ያብራራው ፈረንሳዊ ሐኪም ስም ነው። ቀጭን መሆን የነበረበት ደም ቅዳ ሥር ከተፈጥሮ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ይዞ ከጨጓራው ሽፋን ሥር ይተኛል፣ ያለ ቁስል በጠባብ ነጥብ ይበሳል። አብዛኛው ጊዜ የምግብ ቱቦና ጨጓራ ከሚገናኙበት በ6 ሴንቲሜትር ውስጥ ነው።

ለዚህ ክሊፕ ወይም ላስቲክ፤ አድሬናሊን ብቻ መውጋት አይበቃም። መርፌው ለጊዜው ሥሩን ያጨመድዳል፣ ሲለቅ ደሙ ይመለሳል። ደሙ የቆመው በመርፌ ብቻ እንደሆነ ከተነገራችሁ «ክሊፕ ይጨመርበታል?» ብላችሁ በትህትና ጠይቁ። ክሊፑ ሌላም ጥቅም አለው፤ ደሙ ቢመለስ ቦታውን ያሳያል፣ ቀዶ ጥገና ካስፈለገም ሐኪሙ ጨጓራውን ሁሉ አያስስም። የመጀመሪያው ካሜራ ባዶ ከሆነ ሕመምተኛውን ወደ ቤት ወስዶ መጠበቅ ትክክል አይደለም። ሆስፒታል ይተኛ፣ ደሙ ሲጀምር ይደገም።

ትልልቆቹ ሥሮች፦ እዚህ መቆየት አይገባም

ሦስት ሁኔታዎች አሉ፤ ለሦስቱም ኢንዶስኮፒ ዋናው ሕክምና አይደለም። በቢላዋ፣ በጥይት ወይም በመኪና አደጋ ጉበቱ ተጎድቶ ከሳምንታት በኋላ የቀኝ ጎን ሕመም፣ ዓይን መቢጨትና ጥቁር ሰገራ ከመጡ፣ ደሙ በሐሞት ቱቦ በኩል እየወረደ ሊሆን ይችላል። የቆሽት ሕመም የቆየበት ሰው ሆዱን ቆርጦት ከዚያ ደም ከመጣ፣ መልሶ ከቆመና ከተደጋገመ፣ በቆሽት ቱቦ የሚፈስ የደም ቅዳ እብጠት ይጠረጠራል። ሁለቱም በሲቲ አንጂዮግራፊ (የደም ሥሮችን በሚያሳይ ሲቲ) ይታያሉ። ሕክምናው በብሽሽት በኩል በቀጭን ቱቦ ገብቶ ሥሩን መዝጋት ነው፤ ከቀዶ ጥገና ያነሰ ጉዳት አለው። ቀዶው ይህ ሳይገኝ ወይም ሳይሳካ ሲቀር ነው። በአገራችን ይህን የሚሠሩት ጥቂት ቦታዎች ስለሆኑ፣ ሪፈር ሲጻፍ ተቀባዩ ሆስፒታል ባለሙያውና ማሽኑ በዚያ ቀን እንዳሉ ላኪው ሐኪም በስልክ ያረጋግጥ።

ሦስተኛው ከአኦርታ ወደ አንጀት ወይም ወደ ምግብ ቱቦ የተከፈተ ቀዳዳ ነው። ቀደም ሲል ለአኦርታ እብጠት ሰው ሠራሽ ሥር የተተከለለት ሰው ትንሽ ደም ቢያስታውክ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ ይህ ነው ተብሎ ይወሰድ። የመጀመሪያው ደም ትንሽ ሆኖ ይቆማል፤ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ግን የሚገድለው ይመጣል። የሐይቅ ዓሣ እሾህ ወይም አጥንት ተሰክቶበት ደረቱን ሲያመው የቆየ ሰው ላይም ያው ነው። የኢንዶስኮፒ ባዶነት አያጽናናም፤ ተራው ካሜራ ብዙ ጊዜ ቦታው ድረስ አይደርስም። እዚህ በአኦርታው ውስጥ ስቴንት (ቀዳዳውን ከውስጥ የሚሸፍን ቱቦ) ማስገባት ፈጣን ነው፣ ደሙን ያቆማል፣ ግን በተበከለ ቦታ ላይ ስለሚቀመጥ ኢንፌክሽን ይመለሳል፤ ከፍቶ መጠገን ከባድ ነው፣ ዘላቂው ግን እሱ ነው። አቅም ያለበት ቦታ ስቴንቱን ጊዜ መግዣ አድርገው ቀዶውን ያስከትላሉ።

ደሴ ወይስ አዲስ አበባ?

ላበጠ ደም መልስ ሥርና ለዲዬላፎይ፣ ካሜራውና ዕቃው ደሴ ካሉ እዚሁ ይደረግ፤ በከሚሴ፣ በአጣዬና በደብረ ሲና በኩል እየደማ የሚጓዝ ሰው በመንገድ ላይ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ለሐብሐቡ ጨጓራ ጊዜ አለ፤ ቀጠሮ ተይዞ በእግሩ መሄድ ይችላል። ትልልቆቹ ሥሮች ከተጠረጠሩ ግን ግፊቱ እንደተረጋጋ ቶሎ ይሂድ፣ ደም ተዘጋጅቶለት፣ ከጤና ባለሙያ ጋር። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን የመሄድ ሐሳብ ካለ፣ በጣም ያነሰ ሄሞግሎቢንና በቅርብ የደማ ሆድ ይዞ መብረር አደጋ ስላለው የሐኪም የጽሑፍ ፈቃድ ሳይኖር ቲኬት አይቆረጥ።

ሲሄዱ የሚያዘው የኢንዶስኮፒው ሪፖርት ዋናው ነው፤ ፎቶ ካለ ከነፎቶው፣ ሲቲ ካለ በሲዲ፣ የተሰጠው ደም ብዛትና የመጨረሻው ሄሞግሎቢን ከሰዓቱ ጋር። ላስቲክ የታሰረለት ሰው ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አጥሚት፣ ሾርባና በደንብ የራሰ ፍትፍት ይብላ፤ ቆሎና ደረቅ ዳቦ ይቆይ። ላስቲኩ ወድቆ ቁስሉ የሚደማው አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ውስጥ ስለሆነ፣ በእነዚያ ቀናት ከሆስፒታል ርቆ ወደ ገጠር ባይመለስ ይመረጣል። ቀጣዩ ማሰር ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሆናል፤ ሥሮቹ እስኪጠፉ ይደጋገማል፤ ከጠፉም በኋላ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ አንዴ፣ ከዚያ ወዲያ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይታያል።